የሁለት ሁዳዴ ቅቤ

ደጃፍ መጥረግ።
ሚዛኑን በፈላ ውኃ ማጠብ።
ከመናኸሪያ የሚመጣውን ቅቤ መረከብ።
እያንዳንዱን ከነኮባው ለየብቻ ማስቀመጥ።
ለሚጠይቅ ሁሉ የናጠችውን ሴት ስም መናገር።
ያልተሸጠውን ወደ ቤት ወስዶ ማንጠር።
ወደ ኪራሙ ስልክ መሞከር።
መጸለይ።

የሎሚ ጨመዳ የዕለት ሥራ ይህ ነበር። ከእሑድ በቀር ተጓድሎ አያውቅም። ከጸሎቱ በፊት የተጠቀሰው ግን ከጥንቱ የነበረ አይደለም፤ የኪራሙ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የተጨመረ ነው።

ሎሚ ነቀምት ተወልዳ ነቀምት ያደገች ሴት ናት። ባሏ ጃራ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሲሞት ሴት ልጃቸው ኢቢሴ ገና ፊደል አልቆጠረችም። ሎሚ ከሐዘኗ ስትነሣ ከገበያው ውስጥ በቆርቆሮ የተከፈለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይታ ቅቤ መሸጥ ጀመረች። ቅቤ ሻጭ በገበያው ሞልቷል። ገዢ ከዚያ ሁሉ ሻጭ መካከል አንዲትን መበለት ለይቶ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረም።

ምክንያቱን ራሷ አበጀችው። በገበያው ልማድ ነጋዴው ከየገጠሩ የሰበሰበውን ቅቤ ሁሉ በአንድ ገበታ ላይ ይለውሰዋል፤ ለጋው የቆየውን ይሸፍናል፣ ንጹሑ እድፋሙን ይሸከማል። በመካከሉ የፓልም ዘይት ቢገባበት ወይም የተላቆጠ ሙዝ ቢታከልበት ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ሎሚ መለወስን ተወች። የእያንዳንዷን ሴት ቅቤ ከመጣበት ኮባ ሳታወጣ ለየብቻው ደረደረች። ገዢ ሲመጣ ቅቤው ከየትኛው መንደር፣ ከማን ቤት እንደ ተናጠ በስም ትናገራለች። ቅቤው ቢበላሽ ገዢው ማንን እንደሚወቅስ ያውቃል፤ የናጠችውም ስሟ ከተማ ውስጥ እንደሚጠራ ታውቃለች። ስሟ የሚጠራ ሴት ደግሞ እጇን ሳትታጠብ አትንጥም።

ነገሩ ሲጀመር የገበያው መሳቂያ ሆነ። የጎረቤቷ ሱቅ ባለቤት ገለታ፣ ቅቤ በመለወስ የሠለጠነ ሰው፣ ገዢ በተሰበሰበበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቃት።

«አዴ ሎሚ፣ ቅቤ ነው የምትሸጪው ወይስ ስም ነው የምታወጪው?»

«ያንተንማ ማን ብዬ ልጥራው? አባቱ ብዙ ነው» አለችው።

ገበያተኛው ሳቀ፤ ገለታም ራሱ ሳቀ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ የነቀምት ሰው ቅቤ መጠየቅ ትቶ ሴቶችን መጠየቅ ያዘ። «የጉቴዋ አሜን ገብታለች?» እያለ ይመጣል፤ ለማያውቅ ሰው እንግዳ የሚጠበቅበት ቤት ይመስላል። ጡረታ የወጡት መምህር ኦቦ ዋቅወያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ ፊት ቆመው በኦሮምኛ «ካን ኤኙቲ?» ይላሉ፤ የማን ነው ማለታቸው ነው። አይቀምሱም፣ አያሸቱም። ስሙን ይሰማሉ፤ ይከፍላሉ፤ ይሄዳሉ። ሎሚ በሱቋ ላይ ሰሌዳ ሰቅላ አታውቅም። «የሎሚ ቅቤ» የሚለውን ስም ያወጣለት ገበያተኛው ነው።

ከሚጠሩት ሁሉ በላይ ይፈለግ የነበረው የአገኘሁሽ ነበር። አገኘሁሽ የኪራሙ ገበሬ ናት፤ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። መግፊያዋን በወይራ ስለምታጥን ቅቤዋ ከሩቅ ይለያል። በሁዳዴ ጾም ኦርቶዶክሱ ቅቤ አይቀምስም፤ ላሞቹ ግን አይጾሙም። ስለዚህ ኪራሙ ላይ በየቤቱ ቅቤ ይከማቻል፣ ፈላጊም ያጣል። የነቀምት ሰው ደግሞ ብዙው ጴንጤ ነው፤ ሁዳዴ ገባ አልገባ ቅቤውን ከድስቱ አያርቅም። ይህን ያስተዋለችው አገኘሁሽ ናት። በአንድ የሁዳዴ ቅዳሜ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤዋን በቅርጫት አዝላ ከሎሚ ሱቅ ፊት ቆመች።

«እኛ ስንጾም እናንተ ትበላላችሁ አሉ!»

«የምትጾሙት ለእኛ እንዲተርፍ አይደል?» አለቻት ሎሚ።

«አይ አንች! ጾሙ ለነፍሴ፣ ቅቤው ላንች። ነይ እስቲ አሽትችው።»

ወዳጅነታቸው ከዚያ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገኘሁሽ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ከእንግዲህ በሁዳዴ ለምታመጣው ቅቤ ብር አትቀበልም።

«ብር ቤት ከገባ አፉ ብዙ ነው፤ ባሌ አለ፣ ወንድሞቹ አሉ፣ ማኅበሩ አለ። ላም ስጭኝ። ያንን ያገራችሁን ቀይ የሆሮ ጊደር። ላም ኸበር ስትቆም ሁሉ ያያታል፤ ማንም ኸኪሱ አይከታትም።»

የሁለት ሁዳዴ ቅቤ በአንዲት ጊደር ተስማሙ። ወረቀት አልተጻፈም። ምስክሩ ቅቤውን ከኪራሙ በአይሱዙ የሚያመላልሰው ሾፌር ይስማው ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ቅቤ መጣ፤ ተሸጠ። የሁለተኛውም መጣ፤ ተሸጠ። በዚያ ቅቤ ሙሽራ ተቀባ፣ አራስ ተጠየቀ፣ የሎሚ ስም ከነቀምት አልፎ አኖ ድረስ ተሰማ። ሎሚም በተራዋ ቃሏን ጠበቀች። ከጉቴ ገበያ ዳሌዋ የሞላ ቀይ ጊደር መርጣ ገዛች፤ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እስኪደርቅ ድረስም ጋሮማ ለሚባል የጉቴ ገበሬ በደባሬ ሰጠቻት። ደባሬ የአገሩ ወግ ነው። ከብት ያለው ሰው ከብቱን ለሌለው ያስጠብቃል፤ ጠባቂው ወተቱንና ፍጉን ይወስዳል፣ ላሟና የምትወልደው ግን የባለቤቷ ናቸው።

ክረምቱ ሳይወጣ መንገዱ ተዘጋ። ኪራሙ ላይ ተኩስ ተከፈተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። የስልክ መስመር ተቋረጠ። የይስማው አይሱዙ መምጣት አቆመ። አገኘሁሽ ሞታለች ያለ አለ፤ ዓባይን ተሻግራ ጎጃም ገብታለች ያለም አለ። ሎሚ በየቀኑ ስልኩን ትሞክራለች፤ የምትሰማው ያንኑ የማሽን ድምፅ ነው።

በሱቋ የአገኘሁሽ የተነጠረ ቅቤ ጥቂት ቀርቷት ነበር። አንድ ቀን ጥቁር የለበሰች ሴት መጥታ ቅቤውን አሸተተችና የማን እንደ ሆነ ጠየቀች። ሎሚ እንደ ልማዷ ተናገረች፤ የአገኘሁሽ፣ ከኪራሙ።

ሴትዮዋ ጣሳውን ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

«ወንድ ልጄ የቀረው እዚያ ነው» አለች በኦሮምኛ። «የማን ቤት እንደ በላው አላውቅም። አንቺ ግን ስማቸውን ታውቂያለሽ፤ ጎሽ።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎሚ ስም መጥራት ፈራች። የፈራችውም የአገኘሁሽን ብቻ አይደለም። በዚያ ወራት ስም መጠየቅ ወገን መጠየቅ ሆኖ ነበር፤ የአንዷ ስም አንዱን ገዢ ያስቆጣል፣ የሌላዋ ስም ሌላውን። ስለዚህ ሁሉንም ስሞች በአንድ ቀን ተወች። ለሚጠይቃት «የገጠር ነው፤ ለጋ ነው» ትል ጀመር። ይህ ጥንቃቄ መስሏት ነበር። በገዛ እጇ ሱቋን የዘጋችው ግን ያን ቀን ነው።

ኦቦ ዋቅወያ በቅዳሜያቸው መጡ።

«ካን ኤኙቲ?»

«የገጠር ነው ኦቦ። ትናንት የገባ ነው።»

«ገጠር የምትባል ሴት አላውቅም።»

«ጊዜው ነው ኦቦ፤ ይረዱኝ።»

«ጊዜው ቅቤ ይንጣል?» አሉ ሽማግሌው። እሷ ሚዛኑን መወልወል ያዘች። «ስም ከሌለውማ የገለታ ይረክሳል» ብለው ወደ ጎረቤት ሱቅ ተሻገሩ። ገለታም የለወሰውን እየቆረሰ «ኦቦ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ የእኔ ስም አያስቸግርም» ሲላቸው ሎሚ ሰማች።

ሌሎቹም እንደ እሳቸው ሄዱ። ማንም አልተቆጣም፤ ማንም አልሰደባትም። የሎሚን ቅቤ ከሌላው የሚለየው ነገር ስለ ጠፋ ብቻ ሄዱ። ከጊዜ በኋላ ስሕተቷ ገብቷት ስሞቹን እንደገና መጥራት ጀመረች። ነገር ግን ገሚሱ ገዢ ሌላ ደንበኛ ይዟል፤ የቀረውም በጥርጣሬ ያዳምጣታል። አንዲት ወጣት «እውነት የአሜን ነው ወይስ ዛሬ ስም ማውጣት አሰኘሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ስም የሚጠራ ሰው አንድ ጊዜ ዝም ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠራው ስም የተፈጠረ ይመስላል።

መንገዱ በተዘጋ በሦስተኛው ዓመት፣ እንዲህ ባለው ድካም ላይ ሳለች፣ የይስማው አይሱዙ በወታደር ከታጀቡ መኪኖች ጋር ነቀምት ገባ። ሾፌሩ ጠጉሩ ሸብቶ ነበር። አገኘሁሽ አልሞተችም አላት፤ ከተፈናቀሉበት ከተመለሱት ጋር ኪራሙ ገብታለች። ባሏ የለም። ቤቷ የለም። ላስቲክ ወጥራ ተቀምጣለች።

«ስለ ላሟ ጠየቀችህ?» አለችው ሎሚ።

«ስለ ላም አላነሣችም አዴ። ሎሚ ደህና ናት ወይ፣ ያለችኝ ይህንኑ ብቻ ነው።»

«ንገራት። ጊደሯ አለች፤ ጉቴ ናት፤ ወልዳለችም። መጥታ ትውሰዳት።»

ይስማው ቃሉን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያም መንገዱ እንደገና ተዘጋ።

ሎሚ ቃሏን በላከች በሳምንቱ የገበያው የቆርቆሮ ሱቆች ሊፈርሱ እንደ ሆነ ተነገረ። በቦታቸው ፎቅ ይሠራል። ነባር ነጋዴ የድርሻውን መዋጮ እስከ ወሩ መጨረሻ ከከፈለ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ቦታ ያገኛል፤ ያልከፈለ ቦታውን ያጣል። ሎሚ ከፊሉም አልነበራትም። ወንድሟን ጠየቀች፤ የለውም። የዕድሯን ሴቶች ጠየቀች፤ እነሱም ለየራሳቸው መዋጮ እየሮጡ ነው። ባንክ ሄደች፤ ማስያዣ ተጠየቀች። ቅቤ ያቀርቡላት የነበሩት የጉቴ ሴቶች እንኳ ኮባቸውን በሁለት ልብ ይሰጧት ጀመር፤ ሱቅ ሊያጣ ለተቃረበ ሰው በእምነት ዕቃ አይሰጥምና።

በዚህ ጭንቅ ውስጥ አንድ የአኖ ወተት ነጋዴ የጋሮማን ደጅ አንኳኳ። ጋሮማ ዘንድ ያለችውን ላም ከነጥጃዋ አይቷታል። የሚሰጠው ዋጋ የሎሚን መዋጮ ይሸፍናል፤ ለጋሮማም ለድካሙ ይተርፈዋል።

ኢቢሴ ይህን ስትሰማ ከእናቷ ፊት ተቀመጠች። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ያጣች፣ ለእናቷ የማትዋሽ ልጅ ናት።

«አዮ፣ ለአገኘሁሽ የላክሽው ቃል ደርሷታል?»

«አላውቅም።»

«መቼ ትመጣለች?»

«አላውቅም።»

«ላሟን ሸጠን ሱቁን እናድን። ስትመጣ ሠርተን ሌላ እንገዛላታለን። ሱቁ ከሄደ ግን ላሟን ብቻ ሰጥተሻት ነገ ቅቤዋን የምትሸጪላት የት ነው? መንገድ ዳር?»

የልጇ ቃል ትክክል ነበር። ሌሊቱን በጸሎት አሳልፋ ጠዋት «እሺ» አለች።

ከቀነ ገደቡ አስቀድሞ በነበረው ቀን ጉቴ ወረደች። የአኖው ነጋዴ በሞተር ብስክሌት ደርሶ የላሟን ጡት እየዳሰሰ ነበር። ጋሮማ ሁለት ጎረቤቶቹን ለምስክርነት ጠርቷል። በዚያ አገር የተሰረቀ ከብት እንዳይሸጥ ሲባል የሚጠበቅ ደንብ አለ። ሻጭ እጁን በከብቱ ጀርባ ላይ አኑሮ በምስክሮች ፊት «የእኔ ናት፤ ከኋላዋ ጠያቂ የላትም» ይላል። ይህን ካላለ ገዢ ብሩን አያወጣም።

ሎሚ እጇን በላሟ ጀርባ ላይ አኖረች። ጀርባዋ ሞቃት ነበር። ጥጃዋ ከሥር ትጠባለች።

«በዪ እንጂ አዴ» አላት ጋሮማ።

ሎሚ የላሟን ጠጉር በጣቷ ማበጠር ያዘች።

«ምን ሆነች? ታማለች እንዴ?» አለ ነጋዴው።

«ማን? ላሟ?» ብሎ ደነገጠ ጋሮማ።

«ላሟማ ደህና ናት፤ ሴትዮዋን ነው የምለው!»

ምስክሮቹ ሳቁ። ሎሚ አልሳቀችም። አፏን ሁለት ጊዜ ከፈተችው። የሱቋን መዋጮ ስታስብ፣ የልጇን ፊት ስታስብ ቃሉን ልትለው ትቃረባለች፤ ግን አትለውም። በመጨረሻም እጇን ከላሟ ጀርባ አነሣች።

«ጠያቂ አላት» አለች። «ላሟ የአገኘሁሽ ናት፤ የኪራሙዋ።»

ነጋዴው ምስክሮቹን አየ፤ ምስክሮቹ መሬቱን አዩ።

«ይህን አኖ ሳለሁ ብትነግሪኝ ቤንዚኔን ባልጨረስሁ ነበር» አለና ሞተሩን አስነሣ። «ጠያቂ ያላት ላም ወተቷ ፍርድ ቤት ነው የሚታለበው።»

ጋሮማ አቧራው እስኪበን ቆሞ ተመለከተው። ለድካሙ የሚተርፈው ብር ከአቧራው ጋር ሄዷል። ቢሆንም አልጮኸባትም።

«ሱቅሽስ?» አላት።

«ሄደ።»

ሎሚ መንገድ ዳር ቆማ ታክሲ ጠበቀች። ወደ ነቀምት ስትመለስ ለልጇ እውነቱን ነገረቻት። ኢቢሴ አላለቀሰችም። ልብሷን በፌስታል አድርጋ በማግሥቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች፤ ስትሄድም እናቷን አልሳመችም።

ሱቆቹ ፈረሱ። ሎሚ ሚዛኗን ታቅፋ ቆማ አየች። ገለታ መዋጮውን ከፍሎ ቦታ አግኝቷል። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዚያው ቀን ወደ እሷ መጣ።

«አዴ፣ ከእኔ ጋር ግቢ። ቦታውም ቅቤውም የእኔ፣ ስሙ ያንቺ። ‹የሎሚ ቅቤ› ብለን በትልቁ እናጽፍ። አንቺ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ሰው ይይሽ፤ ይበቃል። ከትርፉ እከፍልሻለሁ።»

«ሰው የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ምን ትላለህ?»

«የሎሚ ነዋ!»

«እኔ ላም የለኝም ገለታ።»

«ማን ላም አለው? እኔስ ላም አለኝ? ስምሽን ስጪኝ ነው ያልሁሽ!»

«ስሙ የሴቶቹ ነው። እነሱ ሲናገሩ ነው ሰው እኔን የሰማው። አንተ ዘንድ እነሱ የሉም።»

ገለታ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው በረሃብ ሙቺ» አላት፤ ቃሉ ግን ከቁጣ ይልቅ ልመና ይመስል ነበር።

ሎሚ በረሃብ አልሞተችም፤ ከዚያ ብዙም አልራቀችም። በመንገድ ዳር፣ ከቦይ አጠገብ፣ ሳፋ አስቀምጣ ተቀመጠች። አሜን ብቻ ከጉቴ ሁለትና ሦስት ኮባ ትልክላታለች። ፀሐይ ሲበረታ ቅቤው ይቀልጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይዛ ግድግዳ ሥር ትቆማለች። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሳፋዋን ተሸክማ ትሮጣለች፤ አንድ ቀን ስትሮጥ ወድቃ ሚዛኑ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በግምት ሸጠች። ይህም በእሷ ዘንድ ትልቅ ውርደት ነበር። ኦቦ ዋቅወያ አንድ ቀን አልፈው ሲሄዱ አይተዋት ቆሙ፤ የማን ነው ብለው ሳይጠይቁ ብር ከሳፋው አጠገብ አኖሩ። ሎሚ ብሩን መለሰችላቸው። ቅቤ አልወሰዱም ነበርና።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲከፈት አገኘሁሽ በይስማው አይሱዙ ነቀምት ደረሰች። የቀድሞው ገበያ ባለበት የተቆፈረ መሬት ብቻ አገኘች። ሰው ጠይቃ፣ ሰው አሳይቷት፣ ከቦዩ አጠገብ ያለችውን ሴት ከፊቷ ቆማ አየቻት።

«ሎሚዬ! አንች ነሽ? ኸዚህ ምን ልታረጊ ተቀመጥሽ?»

ሎሚ ቀና አለች። ከፊቷ የቆመችው ሴት አጥንቷ ገጥጦ፣ የሐዘን ነጠላ ለብሳ፣ ጫማዋ ሁለቱም የግራ ነበር።

«አገኔ» አለች።

ተቃቀፉ። ማናቸውም ቶሎ ሊለቁ አልቻሉም።

«ሱቅሽስ?»

«ፈረሰ።»

«የኔም ቤት» አለች አገኘሁሽ። ከዚያም እንደ ቀድሞዋ ልትቀልድ ሞከረች፤ «ባዶ እጄን መጣሁ፤ አትቆጭኝ። የሚናጥ ኖሮኝ ነው?»

«ላምሽ ጉቴ ናት። ሴት ጥጃ ወልዳለች።»

«ይስማው ሲነግረኝ የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።» አገኘሁሽ ሳፋውን፣ ላስቲኩን፣ የሎሚን የተሰነጣጠቀ ተረከዝ አየች። «አንች ሰው፣ ሽጠሽ ሱቅሽን አታተርፊባትም ነበር? ሞተች ተብዬ የለ? ማን ይጠይቅሽ ነበር?»

«ብሸጣት ምን ትዪኝ ነበር?»

«እሰይ እል ነበር፤ እመብርሃንን! እሰይ፣ ኸሁለታችን አንዳችን ተረፍን እል ነበር።»

ሎሚ ፊቷን አዞረች። ከቦዩ ማዶ መኪና አለፈ።

«አሁን አትንገሪኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ በይስማው መኪና ጉቴ ሄዱ። ጋሮማ ላሟን ከበረት አወጣ። አገኘሁሽ የላሟን ግንባር ይዛ ያለ ድምፅ አለቀሰች። የምታሳድርበት በረት እንኳ የላትም። እስከ ኪራሙ ያለውን መንገድ ማንም ደህና ነው ብሎ ሊምልላት አይችልም። ላሟ ብትደርስ ነገ በማን እጅ እንደምታድር የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉም ያውቁት ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

«ጥጃዋን አንች ያዥያት» አለች አገኘሁሽ። «ላስጠበቅሽበት ትሁን።»

«ያስጠበቅሁት በደባሬ ነው፤ ወተቷን ጋሮማ ጠጥቷል። ጥጃ የባለ ላሟ ናት።»

«አይ ሎሚ፣ ምን ይቀርሻል ታዲያ?»

ሎሚ ከጋሮማ ጋር ሆና ጥጃዋን ከኋላ ደገፈቻት፤ ይስማው ከላይ ሳበ። የመኪናው በር ተዘጋ።

ሎሚ ጨመዳ ለአገኘሁሽ የሁለት ሁዳዴ ቅቤ ዕዳ ነበረባት። ዕዳው አንዲት የሆሮ ጊደር ነበር። ጉቴ ላይ፣ ጋሮማና ይስማው ባሉበት፣ ከነጥጃዋ አስረከበች። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል።